የመስቀሉን አይተሻል፣ የየካቲቱን እዪ

አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽ? ለባለቤትሽና ለትንሿ ልጅሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኛ ከእናትሽ ጉልበት በቀር ደህና ነን።

ትናንት አክስትሽ ደወለች። ከመስቀል መልስ ልብሽ አገር ቤት፣ ጉራጌ እንደቀረ፣ ሥራሽን ከቤት ሆነሽ ለመሥራት እንዳስፈቀድሽ፣ ይባስ ብሎም አጎትሽ ግቢ ውስጥ ቤት ለመሥራት የቆርቆሮ ዋጋ እያጠያየቅሽ መሆኑን ነገረችኝ። ለምን ከእሷ ሰማሁ ብዬ አልቆጣም። እምቢ ይለኛል ብለሽ ይሆናል። እምቢ አልልሽም። ያቺ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስታስል እኔም ከጎኗ አድሬ ሰምቻለሁ። አንቺም ጠዋትና ማታ በታክሲ ሰልፍ ያለቀው ጉልበትሽ ይታየኛል። ብቻ አንድ ነገር ስሚኝ፦ የመስቀሉን አይተሻል፣ የየካቲቱን እዪ።

በመስቀል ጀፎረው፣ ያ ሣር የለበሰው ሰፊ የመንደር መንገድ፣ እንደ ምንጣፍ አረንጓዴ ነው፣ ምንጩ ይንፎለፎላል፣ ላሟም ትታለባለች። ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባና ከየከተማው ገብቶ በየደጁ ጨዋታ ነው። ጥቅምት ሲገባ ግን እንግዳው ሁሉ ይመለሳል። የሚቀሩት ሽማግሌዎችና ሥራ የበዛባቸው ገበሬዎች ናቸው። ከኅዳር ጀምሮ ዝናቡ ያቆማል፣ ምንጩም በልግ እስኪገባ ድረስ እየቀጠነ ይሄዳል። አንቺ ያየሽው የዓመቱን ሁለት ሳምንት ነው።

ስለዚህ ከውሃው ጀምሪ። የካቲት አጋማሽ ላይ ሂጂና ምንጩ ጋ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይዘሽ ቁሚ። ሰዓትሽን ተመልከቺ፣ በስንት ደቂቃ ይሞላል? በ1 ደቂቃ ከሞላ ሐሳብ የለም። 10 ደቂቃ ከወሰደ ግን በሰዓት 6 ጄሪካን ብቻ ነው ማለት ነው። 30 አባወራ በቀን ሦስት ሦስት ቢቀዳ 90 ጄሪካን፣ ያም 15 ሰዓት ሰልፍ ይሆናል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ወረፋ የሚይዙት ሴቶች ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባሻል። ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ ገመድ ላይ ድንጋይ አስረሽ ጥልቀቱን ለኪ፣ 10 ጄሪካን አስቀጂ፣ ከዚያ ውሃው ወደ ነበረበት ለመመለስ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፊ። ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ከቁልቁለቱ በታች መሆን አለበት። ከላይ ከሆነ ያን ውሃ አትጠጡ።

እናንተ ከሠራተኛዋ ጋር አራት ናችሁ። በሰው 20 ሊትር ብትቆጥቡ በቀን 80 ሊትር ነው። 5,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ቢያድር በዚህ ልክ 62 ቀን ነው የሚቆየው፣ ደረቁ ወቅት ግን ከአራት ወር በላይ ነው። ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ፣ ማለትም በቀን 20 ሊትር ከተጠቀማችሁበት ግን 250 ቀን ይበቃል። ስለዚህ የዝናቡን ውሃ ለአፍ፣ የምንጩን ለልብስና ለገላ አድርጉት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሊትር ይሰጣል። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,000 ሊትር ይሆናል፤ የሚፈሰውንና የሚተነውን ቀንሰሽ 3,200 ያህሉን ያዢ። የሣር ክዳን ይህን አይሰጥሽም። አሸንዳው ጫፍ ላይ ወንፊት ይደረግበት። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥቡ ወደ ሮቶው አይግቡ፣ ይፍሰሱ። ባሕር ዛፍ ከጣሪያው በላይ ካለ ቅርንጫፉን አስቆርጪ፣ ቅጠሉ ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል። የሮቶው መቀመጫ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የሞላ ሮቶ 5 ቶን ነው። መሠረቱ ካልተስተካከለ ወይም ከሥሩ ሹል ድንጋይ ካለ ከታች ይሰነጠቃል፤ ውሃው የሚያልቀው ታዲያ በሌሊት፣ ማንም ሳያይ ነው። ለመጠጥ የሚሆነውን በነጠላ አጥልላችሁ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩበትና 30 ደቂቃ ጠብቁ።

አሁን ወደ ሳሏ ልምጣ፤ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቢው።

ገጠር አየሩ ንጹሕ ነው ያልሽው እውነት ነው፣ ደጅ ላይ። ቤት ውስጥ ግን ከአዲስ አበባ መንገድ የከፋ ጭስ አለ። የእኛ ጎጆ ምድጃው መሐል ላይ ነው፣ ጭሱም በሣር ክዳኑ ውስጥ ተጣርቶ ነው የሚወጣው። አባቶቻችን ያለ ምክንያት አላደረጉትም፦ ጭሱ ክዳኑን ከነቀዝና ከብስባሽ ይጠብቃል። ለሳምባ ግን አይሆንም። ትንሿን ከመኪና ጭስ አሽሽተሽ እሳት ዳር ካስቀመጥሻት ምንም አልሠራሽም። ወጥ ቤቱ ከመኖሪያው ተለይቶ ይሠራ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ይሁን፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ይኑሩት፣ የጭስ ማውጫውም ከጣሪያው ጫፍ በላይ ይውጣ። በሣር ክዳን ውስጥ ቧንቧ አሳልፋለሁ የሚል ሠራተኛ ቢመጣ አባሪው፣ ፍንጣሪ ቤቱን ያቃጥላል። በሦስት ጉልቻ ፈንታ ምርጥ ምድጃ አስተክዪ፣ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ግን ሳይደርቅ የነደደ እንጨት በየትኛውም ምድጃ ይጨሳል። በኅዳር ተፈልጦ ጣሪያ ሥር የተደረደረ ይሁን።

ብርድ ሲሆን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አታስገቢ። ፍሙ ቀልቶ ጭስ ባይኖረውም አታስገቢ። የሚገድለው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሰውን ተኝቶ እያለ ነው የሚወስደው። ይህን ለሠራተኛዋም ንገሪያት።

ስለ ጭስ ስጽፍ እጄ እየከበደኝ ነው። አያትሽ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራላት ታስታውሻለሽ፤ አንቺ ሕፃን ነበርሽ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ መስታወት፣ የመስቀል እንግዳ ሁሉ ያደነቀው። ወጥ ቤት ግን አልሠራሁላትም። እሷ እዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ተቀበለችበት እንጂ አልኖረችበትም፤ ቀኑን ሙሉ ጎጆዋ ውስጥ ምድጃዋ ጋ ነበረች። ስትስል የእርጅና ነው እል ነበር። መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ሳመጣት ሐኪሙ “ሲጃራ ያጨሳሉ?” ብሎ ጠየቀኝ። እሷ እኮ ትንባሆ በአፏ አልዞረም! ለመስታወቱ ያወጣሁት ገንዘብ ወጥ ቤቱን ከነጭስ ማውጫው ይሠራ ነበር። በየመስቀሉ ሄጄ በየመስቀሉ አየኋት፤ ግን መስቀል ላይ ምግቡ የሚሠራው ደጅ ድንኳን ሥር ስለነበር ጭሱን አላየሁትም። ስለዚህ ነው ልጄ፣ የየካቲቱን እዪ የምልሽ።

ይቅር፤ ወደ ሌላው ልለፍ።

መብራቱ አለ ብለሻል አሉ። አለ፣ ግን ከአጎትሽ ቆጣሪ ተስቦ የሚመጣ ከሆነ የእንጀራ ምጣድሽን አይችልም። ምጣዱ ከ3,500 ዋት በላይ ይወስዳል፤ በቀጭን ሽቦ ከተሳበ ሽቦው ይግላል፣ ምጣዱም አይሞቅም። የራስሽን ቆጣሪ ሳታስገቢ ምጣድ አትሰኪ። ምሽት ላይ ሁሉም ሲያበራ ኃይሉ ስለሚወርድ ረፋድ ላይ ጋግሪ። ለሥራሽ ደግሞ ኮምፒውተርሽ 60 ዋት ቢወስድ በ8 ሰዓት 480 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ወረቀቱ ላይ 1,200 ዋት ሰዓት ይላል፤ እርሳስ ያለበት ዓይነት ከሆነ ግን ግማሹን ብቻ ተጠቀሚ፣ ከዚያ በታች ካወረድሽው በዓመቱ ይሞታል። ባለ 200 ዋት የሶላር ሰሌዳ በበጋ ይበቃሻል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ግማሹን ይወስደዋል፣ ያን አስቢበት። ኢንተርኔቱን ደግሞ ጀፎረው ላይ ቆመሽ አትለኪው። ቆርቆሮ ሥር ገብተሽ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሞክሪ። መብራት ከጠፋም በኋላ ሦስት አራት ሰዓት ቆይተሽ ሞክሪ፤ የማማው ባትሪ ሲያልቅ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። አለቃሽ ያን ቀን ምን እንደሚል አስቀድመሽ ጠይቂው።

ሕክምና፦ አጣጥ ሆስፒታል ለእኛ አገር ትልቅ ጸጋ ነው፣ ግን ጥያቄው በሐምሌ ጭቃ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ልጅቷ ትንፋሽ ቢያጥራት በምን ትደርሳላችሁ ነው። ሞተር ያለው ጎረቤት ማን ነው? የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ፓፏ፣ በአፏ የምትስበው መድኃኒት፣ ምንጊዜም ሁለት ይኑር፣ አንዱ ቤት፣ አንዱ ቦርሳሽ ውስጥ። የማኅበረሰብ ጤና መድኑን ቀበሌው ሲመዘግብ አያምልጥሽ፣ ዓመቱን ሙሉ አይመዘግቡም። የእኛ ሰፈር ደጋ ስለሆነ ወባው አያሰጋም፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርዳችሁ ካደራችሁ ግን አጎበር ያዙ፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ደም አስመርምሩ።

መሬቱን በተመለከተ ይህ ጥብቅ ትእዛዝ ነው። መሬት አይሸጥም፣ አይገዛም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። “ትንሽ ገንዘብ ስጪኝና ቁራሽ ልስጥሽ” የሚል ቢመጣ፣ ዘመድም ቢሆን፣ አትስጪ። የይዞታ ደብተሩ በአጎትሽ ስም ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው እሱ ነው፣ እኛ ከተማ የገባነው እሱ ስለቀረ ነው። ክፍፍል የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ግቢው ውስጥ ቤት ከሠራሽ ቤቱ የአንቺ፣ መሬቱ ግን የእሱ ይዞታ መሆኑ፣ ነገ ልጆቹ ቢወርሱም የመኖር መብትሽ ምን እንደሚሆን፣ ሽማግሌዎች ባሉበት ተጽፎ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ይያዝ። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት፣ በኋላ አይደለም። አጎትሽን አያስከፋውም፤ እኔ አናግረዋለሁ።

የጀሞውን ኮንዶሚኒየም አትሽጪ። አከራይቼው እሄዳለሁ ካልሽም እወቂ፦ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። በስድስት ወር ሐሳብሽን ብትቀይሪ ተከራዩን አስወጥተሽ አትገቢም። ለመጀመሪያው ዓመት ወንድምሽ ይግባበት፣ የመብራትና የውሃውን ይክፈል፣ ይበቃል። መሸኛም አሁን አታውጪ።

ዶሮ ልታረቢ ነው አሉ፣ 50 ዶሮ። አንድ ዕንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል ትበላለች፤ ሃምሳው በቀን 6 ኪሎ፣ በወር ወደ 2 ኩንታል ነው። መኖውን ከወልቂጤ ማን ያመጣዋል? ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከገባ ደግሞ ያልተከተበውን በሳምንት ይጨርሰዋል። በ10 ጀምሪ፣ ከእንስሳት ሐኪሙ ክትባት ሳታስከትቢ አንድም አትግዢ።

እንሰቱን አጎትሽ ያሳይሻል፤ በእጅሽ ልሥራ ብትይ ደስ ይለዋል። ብቻ ቢላዋ ከሌላ ሰው ግቢ ተውሰሽ እንዳትቆርጪበት። አጠውልግ በሽታ በዋናነት የሚተላለፈው በቢላዋ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው እንሰት ስትሄጂ ስለቱን እሳት ላይ አግዪው። እንሰት ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈልጋል፣ በአንድ ቀን ስህተት የብዙ ዓመት ቆጮ ይሄዳል።

ዕድር ግን ወዲያው ግቢ፣ በመጀመሪያው ወር። ቡና ስታፈዪ የቀኝ ጎረቤትሽን ጠርተሽ የግራውን አትርሺ። ሰው የሌለው ገጠር ከከተማ ይልቅ ይከብዳል፤ ያንቺ እኩዮች ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው፣ የካቲት ላይ ሰፈሩ ጭር ሲል ታዪዋለሽ።

ተናደሽ ይሆናል። እኔ ግን ሐሳብሽ እንዲሳካ ነው የምፈልገው። ያ ቤት እንደገና እሳት ቢነድበት፣ ትንሿ ጀፎረው ላይ ሳትስል ብትሮጥ፣ ከዚህ በላይ ምን አለኝ። የካቲት ላይ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ሁለት ሳምንት እናድራለን፣ እንግዳ ሆነን ሳይሆን ውሃ እየቀዳን። ሥራሽንም ከዚያው ሞክሪው። ያን ካለፍሽ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ አንድ ሳምንት፣ ጭቃውን ለማየት። ከዚያ ቆርቆሮውን እኔ ነኝ የምገዛው።

እናትሽ በርበሬውን አስፈጭታለች፣ እሑድ መጥታችሁ ውሰዱ። ባለ 30 ሜትሩን ገመድ ከዕቃ ቤት አውጥቼ አስቀምጬዋለሁ። ጄሪካኑን አንቺ አምጪ፣ የእኛዎቹ ያፈሳሉ።

አባትሽ