ለባሕር ዳር መካነ እንስሳት ከአንበሳው ነጭ ዓሣው ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባሕር ዳር ለልጆች የሚሆን የእንስሳት ማሳያ ያስፈልጋታል የሚለው ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ዝርዝሩ የሚጀምረው ከአንበሳ ነው። ጅብ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛ፣ ሰጎን፣ ዘንዶ ይከተላሉ። ዝርያው ሲበዛ ግቢው የተሟላ ይመስላል። እኛ በዱር እንስሳትና በዓሣ ሀብት ሙያ የተሰማራን ሰዎች ሐሳቡን እንደግፋለን፤ ቅር ያሰኘን ዝርዝሩ ነው።

ከአንበሳው እንጀምር። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመ ነው። የአንበሶቹ ጋማ ጠቆር ብሎ እስከ ደረትና ሆዳቸው ይወርዳል፤ በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናትም ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ለዚያ ግቢ አንበሳ መያዝ ቁም ነገር አለው። ባሕር ዳር ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። አንድ ትልቅ አንበሳ በቀን 6 ኪሎ ግራም ሥጋ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጾም ቢባል በዓመት ከ18 ኩንታል ተኩል በላይ ይበላል፤ ጥንድ ከሆኑ ከ37 ኩንታል በላይ። አጥንት የሌለው ሙዳ ብቻ የሚሰጠው ደቦል ካልሲየም አጥሮት እግሩ ይጎብጣል፣ በትንሽ ዝላይ ይሰበራል። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ድንገት የሞተ ከብት በርካሽ ይመጣል፤ ከብቱን የገደለው አባ ሰንጋ ከሆነ አንበሳውም ጠባቂውም አብረው አደጋ ላይ ይወድቃሉ። በዚህ ላይ ጥንዶቹ ይወልዳሉ። ለደቦሎቹ ሌላ ግቢ ካልተገኘ ወንድምና እህት እርስ በርስ ይራባሉ፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የሚታየው ደካማ አንበሳ ነው።

የጦጣና የጉሬዛው ነገር አጭር ነው። ሁለቱም በመንጋ የሚኖሩ እንስሳት ናቸው፤ ለቁጥር ማሟያ አንዳንድ ብቻ ማስቀመጥ ግፍ ነው። ጉሬዛ ቅጠል በሊታ ነው፤ ጨጓራው ቅጠሉን የሚያብላላው እንደ በግና ፍየል በጥቃቅን ሕዋሳት ነው። ጎብኚ በፍርግርጉ በኩል የሚያቀብለው ዳቦና ሙዝ እዚያ ውስጥ ይቦካና ሆዱን ይነፋዋል። «ምግብ መስጠት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማንንም አላስቆመም፤ በፍርግርጉና በጎብኚው መካከል ቢያንስ ክንድ የማያደርሰው ሁለተኛ አጥር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ባሕር ዳር ያላት፣ ሌላው ከተማ ግን የሌለው ምንድን ነው? መልሱ በየቀኑ ገበያ ላይ ይሸጣል። ቆሮሶና አምባዛ በየስማቸው ሲጠሩ የቀረው ሁሉ «ነጭ ዓሣ» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ በአንድ ስም ሥር ሳይንሱ ላቤኦባርበስ የሚለው ወገን የሆኑ 15 ትልልቅ ዝርያዎች ተለይተው ተገልጸዋል። ከእነሱ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው፤ ይህ ደግሞ መንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው፣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ለሆነ የዓሣ ቤተሰብ እንግዳ ነገር ነው። አንዱ ትልቅ አፍ አለው፤ አንዱ ከጭንቅላቱ በላይ ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው፤ አንዱ ወፍራም ሥጋማ ከንፈሩን ድንጋይ ላይ ለጥፎ ከስንጥቁ ነፍሳት ይመጥጣል፤ አንዱ ቀንድ አውጣ ይሰብራል፤ አንዱ የውኃ ተክል ይግጣል። ከላይ ያለው የጣና ሐይቅ ዓሣ በ40 ሜትሩ የጭስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ተለይቶ ቀርቷል። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው ደለል እንደሚመሰክረው ጣና ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር፤ ይህ ሁሉ ልዩነት የተፈጠረው ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ይታሰባል። በፊሊፒንስ ላናው ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ወገን ከውጭ በገቡ ዓሦች ሳቢያ በአብዛኛው ጠፍቷል። የእኛው ግን አለ፤ የሚያውቀው ግን በሣህን ያገኘው ብቻ ነው።

ስለዚህ የባሕር ዳር መካነ እንስሳት እምብርት የመስታወት ገንዳ ይሁን እንላለን። ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። 4 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ወርድና 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 7,200 ሊትር ይይዛል፤ ውኃው ብቻ ከ7 ቶን ይበልጣል። እንዲህ ያለው ገንዳ ፎቅ ላይ ወይም ተራ የሊሾ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ብረት የገባበት የኮንክሪት መሠረት ይፈልጋል። መሠረቱ በአንድ ጥግ ትንሽ ከሰመጠ የመጀመሪያው የሚሰነጠቀው መስታወቱ ነው። ገንዳው በአንድ በኩል ብቻ ይታይ፣ ሦስቱ ጎን ይጨለም፤ የጣና ዓሣ የለመደው ድፍርስ ውኃ ስለሆነ በአራቱም ጎን ብርሃንና ሰው ከከበበው ሲበረግግ ከመስታወቱ እየተላተመ አፉን ያቆስላል።

ብዙ ገንዳ የሚወድቀው ግን በመስታወቱ ሳይሆን በችኮላ ነው። ዓሣ በስንጥቡ (በመተንፈሻው) የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡት ማጣሪያው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ዛሬ ውኃ ሞልቶ ነገ ዓሣ የጨመረ ሰው በሳምንቱ ሬሳ ይለቅማል፤ ከዚያ «የጣና ዓሣ ገንዳ አይወድም» ይባላል። ለማጣሪያው ከውጭ የሚገዛ ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ለመንገድ የሚደለደለው ሬድ አሽ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ በደንብ ታጥቦ ቢገባ ለባክቴሪያው ምቹ ቤት ነው። ፓምፑ የገንዳውን ውኃ ቢያንስ በሰዓት አንድ ጊዜ ያዙረው። በየሳምንቱ ከውኃው 15 በመቶ ያህሉ ይቀየር፤ የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ በሌላ ታንከር ውስጥ አየር እየተነፋበት 48 ሰዓት ይቆይ።

መብራት ሲጠፋስ? ባሕር ዳር ያለችው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ባሕር ጠረፍ ላይ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ 6.6 አካባቢ ላይ ይቆማል። ከውጭ መጽሐፍ የተገለበጠ የዓሣ ብዛት እዚህ የማይሠራው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ለዚህ ገንዳ መካከለኛ መጠን ካላቸው ነጭ ዓሦች ከ15 በላይ አንመክርም። ፓምፑ ሲቆም ቀድሞ የሚታፈነው ነጭ ዓሣው ነው፤ አምባዛው ከላይ አየር እየሳበ ያድራል። 20 ዋት የምትጠቀም የአየር መንፊያ በ60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ሌሊቱን ታሻግራለች። ሌላም ብዙዎች የሚስቱት አለ፦ ለሰዓታት ቆሞ የዋለ ማጣሪያ ውስጥ ባክቴሪያው ታፍኖ ይበሰብሳል። መብራት እንደመጣ ፓምፑን እንዲሁ ማስነሳት ያንን ብስባሽ ዓሣው ላይ መድፋት ነው፤ መጀመሪያ የማጣሪያው ውኃ ወደ ውጭ ይፍሰስ።

ማን ከማን ጋር ይግባ የሚለውም መታሰብ አለበት። አዳኞቹ ነጭ ዓሦች ከትንንሾቹ ጋር ከተደባለቁ የትንንሾቹ ቁጥር በየማለዳው ይጎድላል። አምባዛ ብቻውን ይሁን፤ ጎረቤቱን ይበላል፣ ክዳን ካጣም ወጥቶ ወለል ላይ ይገኛል። ለልጆች ከሁሉ የሚያስደስተው ምናልባት ቆሮሶ ይሆናል፤ ወንዱ አሸዋውን እንደ ሣህን ጎድጉዶ ጎጆ ይሠራል፣ ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች። ቆሮሶ በገንዳ ውስጥም አለልክ ይራባል። ከነጭ ዓሦቹ ግን ብዙዎቹ ለመራባት እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ፣ በሚፈስ ውኃ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። ስለዚህ የሞተ ነጭ ዓሣ የሚተካው ከሐይቁ ነው፤ ጥቂት መያዝና በደንብ መያዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከውጭ የመጣ ወርቃማ ዓሣም ሆነ ሌላ ጌጠኛ ዓሣ በዚህ ግቢ ደጃፍ አይለፍ። ከገንዳው የሚወጣው ውኃም ወደ ሐይቁ ሳይሆን ለአትክልት ይፍሰስ። እምቦጭ ምን እንዳደረገን አይተናል።

ጉማሬን ገንዳ ውስጥ እናስገባ የሚሉም አይጠፉም። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር የሚግጥ፣ ኩሱን ውኃው ውስጥ የሚለቅ እንስሳ ነው፤ ውኃው በየጊዜው ካልተቀየረ ገንዳው በቀናት ውስጥ ይሸታል። ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ዓባይን ማየት እየተቻለ ምን ያደርጋል? እዚያ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ አንድ ጠንካራ መነጽር፣ የሚያስረዳ ሰውና ምሽት ላይ ወደ ወንዙ ዳር መውረድን የሚከለክል አጥር በቂ ነው። ሻላውም፣ ዓሣ አዳኙ ንስርም እንደዚሁ ከነነጻነታቸው ይታያሉ።

ዓሣው በማን ይያዝ ለሚለው፣ የነገደ ወይጦ አስጋሪዎች ይቅደሙ፤ የትኛው ዓሣ የት እንደሚውል ያውቃሉ። መረብ ላይ ታንቆ ያደረ ዓሣ ስንጥቡ ተጎድቷል፣ ቅርፊቱ ተገፍፏል፤ ለገንዳ አይሆንም። ተወርውሮ ወዲያው በሚሳብ መረብ ወይም በመንጠቆ ይያዝ። ሲጓጓዝ በ100 ሊትር ውኃ 300 ግራም ጨው ይጨመር። ከዚያ ለ30 ቀን በተለየ ገንዳ ይቆይ፤ ቆዳው ላይ እንደ ክር የሚንጠለጠል ጥገኛ ተውሳክ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዓሦቹ ለመራባት የወንዞቹ አፍ ላይ ስለሚሰበሰቡ በዚያ ወቅት አንድም አይያዝ። ገንዳው በመስከረም ማብቂያ ውኃ ይሙላ፤ ባክቴሪያው እስኪራባ ኅዳር ይገባል። በኅዳር አጋማሽ የተያዘ ዓሣ የ30 ቀን ቆይታውን ጨርሶ፣ ገንዳውን ለምዶ ለጥምቀት እንግዶች ይደርሳል።

በዱር እንስሳትና በዓሣ ሀብት ሙያ የተሰማራን የከተማው ነዋሪዎች
ባሕር ዳር