ቀጣዩ ማጫወቻ ላይ ምን ቢጨመር ትላላችሁ?

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ የካላይደስኬፕ (ፊልም ሙሉ በሙሉ አውርዶ ቤት ውስጥ የሚያጫውት መሣሪያ የሚሠራው ድርጅት) ቀጣይ ማጫወቻ ላይ ምን ቢጨመር ደስ ይላችኋል? እኔ ልጀምር። ስትራቶ ቪ የሚባለው ማጫወቻቸው በፈረንጆቹ 2024 ሲወጣ ዶልቢ ቪዥን (የምስሉን ብርሃንና ቀለም በየትዕይንቱ የሚያስተካክል የኤችዲአር ዓይነት) ይዞ መምጣቱ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ጨለማ ትዕይንት ላይ ጥላ ውስጥ የቆመ ሰው የለበሰው ጥቁር ኮት እጥፋቱ ሳይቀር ለብቻው ይታያል፣ ስትሪሚንግ ላይ እኮ እዛው ቦታ ላይ ካሬ ካሬ እየሆነ ይበጣጠሳል። ግን ውስጡ ያለው ስቶሬጅ 960 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ 4ኬ ፊልም ወደ 10 ከጫናችሁ በኋላ ወይ አንዱን ማጥፋት ወይ ፊልሞቹን የሚያከማች የራሳቸውን ሰርቨር ለብቻ መግዛት ነው፣ የሰርቨሩ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። በዚህ ብር ቢያንስ 4 ቴራ ይገባዋል ባይ ነኝ። የዶልቢ ቪዥን ተፎካካሪ የሆነው ኤችዲአር10 ፕላስም ቢገባ አሪፍ ነው፣ ሳምሰንግ ቲቪ ያላችሁ ዶልቢ ቪዥን ስለሌለው ትጠቀማላችሁ።

ከሁሉም በላይ የምመኘው ግን የራሳችንን ፋይል፣ የሰርግ ቪዲዮ በሉት የልጆች ልደት፣ እዛው ላይብረሪ ውስጥ ከፖስተሩ ጋር አስገብተን እንድናጫውት ነው፣ አሁን ለዛ ብቻ ሌላ ማጫወቻ መሰካት የግድ ነው። እስቲ የናንተንም ጻፉልኝ፣ ሰብስበን አንድ ላይ እንላክላቸው።