የኮሪያውን ድራማ መልሱልን፤ የታይላንዱንም በራሱ ስም አስቀምጡት

ለ፦ የወር ክፍያ ለምንከፍልበት የፊልምና የድራማ መመልከቻ አፕ፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ «ሁ አር ዩ፦ ስኩል 2015» የተባለው የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ሳይነገረን በታይላንድ ሥሪት ስለመተካቱ

ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ የምኖር ደንበኛችሁ ነኝ። ከዚህ ሆኖ በውጭ ምንዛሬ መክፈል ስለማይመቸኝ ወርሃዊውን ሂሳብ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ከካርዱ ያስቆርጥልኛል። በሰው ገንዘብ የመጣ ነገር ሲበላሽ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳልና ይህን ደብዳቤ ጻፍኩላችሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድራማውን ከእህቴ ልጅ ጋር ነበር የጀመርነው። እኔ ዱሮ አይቼዋለሁ፤ ለእሷ ግን አዲስ ነው። እስከ 8ኛው ክፍል ድረስ ያለ እንከን ሄደ። 9ኛውን ስንከፍት ሰዎቹ ሌሎች፣ ትምህርት ቤቱ ሌላ፣ ቋንቋው ታይ ሆኖ ጠበቀን። «አክስቴ፣ ምን ነካሽ?» አለችኝ ልጅቷ፣ የተሳሳተ ነገር የነካሁ መስሏት። ወደ ኋላ ተመልሼ የመጀመሪያውን ክፍል ብከፍት እሱም ተለውጧል። ከላይ ያለው ፖስተር ግን አሁንም የኮሪያዊቷ ተዋናይ የኪም ሶ ህዮን ፎቶ ነው፤ ርዕሱም «2015» እንዳለ ነው።

ሰብታይትሉን ብታዩት ደግሞ ትስቃላችሁ። ምስሉና ድምፁ የታይላንድ፣ ከሥር የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የኮሪያው ነው። ተዋናይዋ በታይ ስታለቅስ ጽሑፉ ቶንግዮንግ ስለሚባል የኮሪያ ከተማ ያወራል። ሰዎቹ አፋቸውን ሲዘጉ ጽሑፉ ይቀጥላል፤ ሲናገሩ ይቆማል። የኮሪያው 16 ክፍል ነበር፣ የታይላንዱ 18 ነው። 17ኛውና 18ኛው ክፍል በእናንተ ገጽ ላይ ያለ ምንም ሰብታይትል የሚከፈቱትም ለዚህ ነው፤ ጽሑፉ 16ኛው ላይ አልቋል። ይህን ያስተዋለ አንድ ሠራተኛ እንኳ አለመኖሩ ገርሞኛል።

ወዲያው በአፑ በኩል ብጽፍላችሁ የመጣው መልስ «ታሪኩ አንድ ነው፣ አዲሱ ሥሪት የተሻለ የምስል ጥራት አለው» የሚል ነበር። ሽሮ ያዘዘ ሰው ምስር ወጥ ቀርቦለት «ሁለቱም ወጥ ነው» ቢባል አስተናጋጁን ምን እንደሚለው ገምቱት። የዚህ ቅሬታ ዋና ምክንያት ከስህተቱ ይልቅ ይህ መልስ ነው።

ታሪኩ በደምሳሳው አንድ መሆኑን አልክድም። መንታ እህትማማቾች ተለያይተው አድገዋል። አንዷ፣ ሊ ኡን ቢ፣ በደቡብ ኮሪያ ጠረፍ ባለችው የወደብ ከተማ በቶንግዮንግ በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ የምትኖር፣ በክፍል ጓደኞቿ ቁም ስቅሏን የምታይ ልጅ ናት። ሌላዋ፣ ጎ ኡን ብዮል፣ በጉዲፈቻ ሄዳ በሶል ጋንግናም ሰፈር ታዋቂ ትምህርት ቤት ትማራለች። ኡን ብዮል ለትምህርት ጉዞ ቶንግዮንግ በመጣችበት ትጠፋለች። ኡን ቢ ደግሞ ራሷን ውኃ ውስጥ ጥላ ከሞት ትተርፋለች፤ ማንነቷን ግን ረስታለች፣ ሰዎችም እህቷ ናት ብለው ወደ ሶል ይወስዷታል። ይህን ሁሉ ታይላንድ ውስጥ በታይላንዳውያን ማሠራት ይቻላል፤ ተሠርቷልም።

ሰው አንድን ድራማ የሚወደው ግን በዚህ አጭር መግለጫ አይደለም። ኪም ሶ ህዮን ሁለቱንም እህትማማቾች ስትጫወት፣ ድራማው በሚያዝያ 2015 በኮሪያው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኬቢኤስ 2 መተላለፍ ሲጀምር ገና 15 ዓመቷ ነበር፤ 16 የሞላት ሳያልቅ ነው። የምትጫወታት ልጅ ከእሷ ትበልጣለች። አንገቷን ደፍታ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ስታልፍ የምናየው እውነተኛ ተማሪ ነው። በታይላንዱ፣ ጂኤምኤም 25 የተባለው ጣቢያ በ2020 ባሳየው፣ ሁለቱን የተጫወተችው ናምታን ቲፕናሬ 23 ዓመቷ ነበር። ጎበዝ ናት፤ በተለይ ሁለቱን ልጆች በዓይን አስተያየታቸው ብቻ ስትለያቸው አድንቄያታለሁ። ሆኖም የምናየው ሌላ ነገር ነው፤ ልጅነትን የምታስታውስ አዋቂ እንጂ ልጅ አይደለችም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው። የእህቴ ልጅ ከእኔ በተቃራኒ የታይላንዷን ልትወድ ትችላለች፤ መብቷ ነው፤ ነገር ግን የትኛዋን እያየች እንደሆነ አውቃ ትምረጥ።

ሌላም አለ። የኮሪያው ብቻውን የቆመ ሥራ አይደለም። ኬቢኤስ ከ1999 ጀምሮ «ስኩል» በሚል ስም ሲያወጣቸው የኖሩት ተከታታይ ድራማዎች ስድስተኛው ነው። ከእሱ በፊት በነበረው «ስኩል 2013» ተዋናዮቹ ሊ ጆንግ ሱክና ኪም ዉ ቢን ገነው ወጥተዋል። እነዚህ ድራማዎች በየዘመኑ የኮሪያ ተማሪ የሚጨነቅበትን ይዘው ይመጣሉ፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን፣ እስከ ሌሊት የሚዘልቀውን የማጠናከሪያ ትምህርት፣ በክፍል ውስጥ ተነጥሎ መቅረትን። ኮሪያ በትምህርት ቤት የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል በ2004 ራሱን የቻለ ሕግ ያወጣች አገር ናት። በድራማው ኡን ቢን ስታሰቃያት የነበረችው ካንግ ሶ ዮንግ ቶንግዮንግን ለቃ ሶል ወደዚያው ትምህርት ቤት ስትዛወር፣ በእህቷ ስም የተደበቀችው ተበዳይ ከበዳይዋ ጋር አንድ ክፍል ትቀመጣለች። ለእኔ ድራማው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ፍቅሩ ትርፍ ነው። (ከሁለቱ አፍቃሪዎቿ ጎንግ ቴ ክዋንግ ይሻላል ወይስ ዋናተኛው ሃን ዪ አን የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወው፤ አሁንም ያናድደኛል።)

የታይላንድ ትምህርት ቤት ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባንዲራ ሲሰቀል መሰለፍ፣ መዳፍን ገጥሞ ለመምህር እጅ መንሳት፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች በሸሚዝ ደረት ላይ የተጠለፈ ስም። እዚያ ታናሽ ለታላቅ፣ ተማሪ ለመምህር የሚያሳየው አክብሮት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። ታይላንዶች የኮሪያን ድራማ ወስደው በራሳቸው ወግ መሥራት ሲያውቁበት ቆይተዋል፤ «ፉል ሃውስ»ን በ2014፣ «ፕሪንሰስ አወርስ»ን በ2017 ሠርተዋል። ስለዚህ ቅሬታዬ ዳግም በመሥራታቸው ላይ ከቶ አይደለም። እንዲያውም እናንተ የበደላችሁት ከእኔ ይልቅ እነሱን ነው። በገጻችሁ ላይ የናምታን ስም የለም፣ የዳይሬክተሩ ስም የለም፣ ታይላንድ የምትል ቃል የለችም። ሙሉ ሥራ ሠርተው በኮሪያዊት ልጅ ፎቶ ሥር ተሸጡ።

ርዕሱ ብቻውን ለመለየት እንደማይበቃ ማወቅ ነበረባችሁ። ሌላው የኮሪያ ጣቢያ ቲቪኤን በ2013 ያሳየውና ኦክ ቴክ ዮን የተጫወተበት፣ ሙት መንፈስ ስለምታይ ፖሊስ የሚተርከው ድራማም «ሁ አር ዩ» ነው የሚባለው። ነገ እሱንም በዚሁ ፖስተር ሥር እንዳታስገቡት እሰጋለሁ። እግረ መንገዴን፣ «ኤፍ 4 ታይላንድ» የተባለውን ሌላ የታይላንድ ድራማ «የኮሪያ ድራማ ቅጂ» ብላችሁ የጻፋችሁትንም አርሙ። መነሻው የጃፓናዊቷ የዮኮ ካሚዮ የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ከ2009ኙ የኮሪያ ሥሪት በፊት ታይዋንና ጃፓን ሠርተውታል።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ገጻችሁ ይህን ድራማ «የፍቅር፣ ለመላው ቤተሰብ» በሚል ምድብ አስቀምጦታል። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንዲት ተማሪ በጓደኞቿ ስትዋረድና ራሷን ለማጥፋት ስትሞክር ያሳያሉ። እኔ ታሪኩን ስለማውቅ ከእህቴ ልጅ አጠገብ ተቀምጬ፣ እያቋረጥኩ፣ እየተነጋገርን ነው ያየነው። ለብቻው ስልክ ይዞ የሚከፍት ታዳጊ ግን ይህ ዕድል የለውም። ማስጠንቀቂያ መጻፍ አንድ መስመር ብቻ ነው።

ስለዚህ የኮሪያው 16 ክፍል ከነሰብታይትሉ ወደ ቦታው እንዲመለስ እጠይቃለሁ። የማሳየት ፈቃዳችሁ አልቆ ከሆነ የተነሳው፣ ይህንኑ በግልጽ ጽፋችሁ አሳውቁን፤ ፈቃድ ያልቃል፣ እሱን እንረዳለን። የታይላንዱ የራሱ ገጽ፣ የራሱ ፖስተር፣ የተዋናዮቹ ስምና ለ18ቱም ክፍል የሚሆን የራሱ ሰብታይትል ይኑረው። ከሁለቱም ርዕስ አጠገብ አገርና ዓመት ይጻፍ፤ የዕድሜና የይዘት ማስጠንቀቂያም ይጨመር። ድራማው ከተለወጠ ወዲህ የተቆረጠው የአንድ ወር ክፍያ በወንድሜ ካርድ ላይ ይመለስ፤ የተለወጡት ገጾች ፎቶና ከዚህ በፊት የላካችሁልኝ መልስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል።

መልሳችሁን በአካውንቴ በተመዘገበው ኢሜይል እጠብቃለሁ። ክፍያው እስከሚቀጥለው የሂሳብ ቀን ካልተመለሰ ወንድሜ ካርዱን ከአካውንቱ ላይ እንዲያነሳ ነግሬዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከአዲስ አበባ