የቆመ መኪና ባትሪ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ልጄ ለትምህርት ከሄደች ወዲህ መኪናዋ ጅማ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ እያስነሳሁ ባትሪውን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ክረምቱ መሐል አንድ ማለዳ ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ፣ ጠቅ» ብቻ! ኤሌክትሪሺያኑ ሲለካው 11.8 ቮልት፤ ሙሉ ቢሆን 12.6 ግድም ነበር።

ማስነሳት ብዙ ኃይል ይበላል፤ በአምስት ደቂቃ አይተካም። አላርሙም ቆማ ሳለች ቀን ከሌት ይጠባል። ባዶውን የከረመ ባትሪ ደግሞ የእርሳስ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገርበታል፤ ያኔ ቻርጅ እንደ ልብ አይቀበልም።

አሁን እሁድ እሁድ በአጋሮ መንገድ ከግማሽ ሰዓት በላይ እነዳታለሁ። ለወር ከራቅሁ ሞተሩን አጥፍቼ የባትሪውን ኔጋቲቭ (−) ገመድ አስቀድሜ እፈታለሁ፤ ስመልስ መጨረሻ አስረዋለሁ። የልጆቻችሁን መኪና የምትጠብቁ ወላጆች፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ቮልቱን አስለኩ።

አንድ አባት፣ ከጅማ