የቁራ መልእክተኞች፦ የወፍና ተፈጥሮ ክበብ ዘገባ

ክበባችን ሲጀመር ሰባት ልጆችና አንድ ደብተር ነበረን። «ወፍ ማየት ደግሞ ምን ትምህርት ነው?» ያሉን ብዙ ነበሩ። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እኮ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ይህን ስነግራቸው አንዷ ተማሪ «እስከ ዛሬ ታዲያ እኛ የት ነበርን?» አለችኝ። ዘንድሮ አርባ ሁለት ሆነናል። ደብተሩም ሦስተኛው ነው።

የዓመቱ ሥራችን ስም መሰብሰብ ነበር። ደሴ ያደገ ልጅ ትንሹን ሁሉ «ወፍ»፣ ትልቁን ሁሉ «አሞራ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ከአያቱ ሦስት ስም ይዞ እንዲመጣ አዘዝን። ዋኔ፣ ሳቢሳ፣ ጭላት፣ አባ ኮዳ፣ እርኩም መጡ። ብዙውን የነገሩን ግን የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ ናቸው፤ ልጅ ሆነው ማማ ላይ ማሽላ ሲጠብቁ ያወቋቸው ናቸው። ከቆቦ የመጣው ተማሪያችን ግሪሳን ሲያስመዘግብ ፊቱ ተለዋወጠ። አዝመራቸውን ስትጨርስ አይቷል። ወፍ ሁሉ ወዳጅ ነው ብዬ ልዋሸው አልፈለግሁም። እሷንም ጻፍናት።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ጦሳ ተራራ ወጣን። ሜዳው ላይ አንድ ቁራ የደረቀ እበት ፊት ቆሟል። በወፍራም መንቁሩ እበቱን ግራና ቀኝ እየጠረገ ይበትናል፤ ከሥሩ ትሉን ለቀም ያደርጋል። ጎንበስ ባለ ቁጥር ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ብልጭ ይላል። ባይኖኩላራችን አንድ ነው። ሃያ ልጅ ወረፋ ይዞ ማንም አልተጋፋም። አይተው ሲጠግቡ ይህ ቁራ ከእኛና ከጎረቤቶቻችን አገር ውጭ የትም እንደማይገኝ ነገርኳቸው። «የቁራ መልእክተኛ እያልን የምንሰድብበት ይሄ ነው?» አሉ።

ጥምብ አንሳም በእኛ ዘንድ ስድብ ነው። አንዱ ዝርያው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 አይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ፣ 11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ልጆቹ አፋቸውን ያዙ። ዛሬ ይህ ወፍ ሊጠፋ ተቃርቧል። አንዱ ትልቅ ምክንያት መርዝ ነው፦ ለጅብ የተመረዘውን ሥጋ እሱም ይበላና ይሞታል። ወላጆች ሆይ፣ እባካችሁ፣ መርዝ አታስቀምጡ።

በየካቲት ሐይቅ ወርደን ከሰሜን ብርድ ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎችን አየን። እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ ሁላችንም ዳር ቆመን ዛፎቹን ከሩቅ ተመለከትን።

አንዲት ወፍ ግን ስም አላገኘንላትም። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት የጽድ ዛፉ ላይ የምታርፈዋ አመድማዋ ናት። ጋሼም አላወቋትም። አያቶቻችሁን ጠይቁልን፤ ደብተሩ ላይ መስመሯን ባዶ ትተናል።