ተራሽን ከመልቀቅሽ በፊት

ደብረ ሲና፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽም ከጉልበቷ ሕመም በቀር ደህና ናት። ለገና መጥተሽ ሳለ ከባሕረ ሰላጤው አየር መንገድ የመጣልሽን የሥራ ውል አንቀጽ በአንቀጽ በአማርኛ እያደረግሽ ስታነቢልኝ፣ እኔ በደብተሬ እየጻፍሁ አንድም ቃል ሳልመልስልሽ በመቅረቴ ቅር ብሎሽ እንደሄድሽ እናትሽ ነግራኛለች። ያን ማታ ብናገር ሆዴ ነበር የሚናገረው፤ ልጅ አርቆ መስደድ ለማንም ወላጅ ይከብደዋልና። እነሆ ሁለት ወር ሙሉ ደብተሩን እያገላበጥሁ ከቆየሁ በኋላ ያሰብሁትን እጽፍልሻለሁ።

አስቀድሜ የውለታውን ነገር ልዝጋ። ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪነት ሥልጠና ስትገቢ በዋስነት የፈረምሁት እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ከተመረቅሽ በኋላ የተወሰነውን ዓመት ሳታገለግዪ ብትለቂ የሥልጠናሽን ወጪ የምተካው እኔ ነበርሁ፤ የወር ጡረታዬን ሳስብ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የፈረምሁት። ያ የውል ዘመን ባለፈው ሰኔ አልቆ ከዋስትናው ነፃ መሆኔን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ ለአንቺ ሳልነግርሽ ከዳዊቴ መካከል አስቀመጥሁት። ስለዚህ በሰንበቴው ላይ «በአገር ገንዘብ ተምራ ለዐረብ ልትሠራ ነው፤ ያጎረሳትን እጅ ልትነክስ ነው» የሚል ሰው ቢኖር (እንዲህ የሚል ሰው አለ፣ ስሙን አልጽፍልሽም እንጂ) መልሱ እዚያ ዳዊት ውስጥ አለ። ያጎረሱሽን በውሉ መሠረት እስከ መጨረሻው ቀን ሠርተሽ ከፍለሻል። አገር መውደድ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በማን ማሊያ እንደምትበሪ አይቶ የሚመዝን ሰው ሚዛኑ የተሰበረ ነው። ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ሕሊናሽን የሚወቅስሽ ነገር እንዳይኖር፣ በአባትነቴ አሰናብቼሻለሁ።

የሚያሳስበኝ ተራው ነው። እናንተ ሲኒየሪቲ የምትሉትን እኛ የአውቶቡስ ሹፌሮች መናኸሪያ ውስጥ ተራ ነበር የምንለው። አንቺ እንዳስረዳሽኝ አብራሪ የሚያገኘው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ የተራ ቁጥር ይመነጫል፤ የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር፣ የዓመት ፈቃዱ በበዓል ይሁን በክረምት፣ ለካፒቴንነት መቼ እንደሚጠራ፣ ክፉ ዘመን ሲመጣም መጀመሪያ የሚሰናበተው ማን እንደሆነ የሚወስነው የገባበት ቀን ነው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ግን የሃያ ዓመት ካፒቴንም ቢሆን ቁጥሩን ትቶ ነው የሚሄድ፤ አዲሱ ቤት ከመጨረሻው ሰው ኋላ ያሰልፈዋል። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሲዛወር ዕድሜውን ይዞ ይገባል፤ የእናንተ ሙያ ይህን አይፈቅድም።

ሥርዓቱ በከንቱ የመጣ እንዳይመስልሽ። የአሜሪካ አብራሪዎች በ1931 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማኅበራቸውን ሲያቋቁሙ ካስመረራቸው ነገር አንዱ፣ በማዕበልና በጭጋግ አልነሣም ያለውን አብራሪ አሠሪው ወደ ጎን ብሎ ሌላውን ማስነሣቱ ነበር። ቁጥር ያለው ሰው «አልነሣም» ሲል ነገ ሥራው ይጠብቀዋል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ጣርማ በር ላይ ነው የተማርሁት። በ1983 ዓ.ም. ክረምት፣ ሌሊት፣ ተሳፋሪ ሞልቼ ከደብረ ብርሃን ሳወጣ የነበረውን ጭጋግ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የፊት መብራቱ ወተት ውስጥ እንደ ገባ ሆኖ ተመልሶ ዓይኔን ይወጋኛል፤ የመንገዱ ጠርዝና ገደሉ አይለዩም። ረዳቴ ባትሪ ይዞ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከአውቶቡሱ ፊት ፊት እየሄደ፣ እኔ በአንደኛ ማርሽ እየተከተልሁት፣ ጣልያን የፈለፈለው ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ ልጁ ባለበት ቆሞ ባትሪውን በኃይል ያወዛውዘው ጀመር። አንድ የጭነት መኪና መብራቱን አጥፍቶ ዋሻው ውስጥ ቆሟል፤ ከኋላ ሳንቃው እስከ እኔ መስታወት ቢበዛ አራት እርምጃ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ጭጋጉ ሲደገም የስምሪት ኃላፊው ውጣ ቢለኝ ሳይነጋ አልወጣም አልሁት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር፤ ነገር ግን በተራ መዝገቡ ላይ 9ኛ ነበርሁና ከመስመሬ ሊያነቅለኝ አልቻለም።

ያንን ቁጥር ነው እንግዲህ በ1986 ዓ.ም. በወር 120 ብር ጭማሪ የለወጥሁት። የግል ባለሀብቶች አውቶቡስ እያስገቡ ሹፌር ይሻሙ የነበረበት ዘመን ነው፤ አንቺ ስምንት ዓመት ያህል ሞልቶሽ የትምህርት ቤት ጫማ ትጠይቂኝ ነበር። አዲሱ ጌታዬ የደሴን አስፋልት እንደሚሰጠኝ ነግሮኝ፣ ስገባ ያገኘሁት የመሐል ሜዳን ኮረኮንች ነው፤ ከእኔ በፊት የገቡ ሰባት ሹፌሮች ነበሩና። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አውቶቡሱን ሸጠው። ወደ ቀድሞው ድርጅቴ ተመልሼ ስለምን 43ኛ አድርገው መዘገቡኝ፤ 21ኛው ላይ ያ በባትሪ የመራኝ ረዳቴ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ ተቀምጧል። ሰላምታ ሲሰጠኝ ባርኔጣውን ያነሣ ነበር፤ እኔ ግን ለወራት ቀና ብዬ አላየሁትም። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ እናትሽም ከዚህ ደብዳቤ ነው የምትሰማው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምክሬ «አትንቀሳቀሺ» ይሆን ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅቱ ራሱ ተሸጠ፤ 9ኛም 21ኛም 43ኛም የነበርነው በአንድ ቀን ዜሮ ሆንን። ተራ የሚጸናው መናኸሪያው እስከ ጸና ድረስ ነው። አያትሽ ከመንዝ ናትና የጓሳን የሣር መሬት ነገር ከእርሷ ሰምተሻል፤ የአስቦና የጌራ ዘሮች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በተወሰነው ጊዜ ከፍተው፣ በትውልድ መብት ሲያጭዱት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ኖረው፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የዘር ተራው ፈረሰ። የእናንተን ሙያ የሚመለከተውን ደግሞ ልንገርሽ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራውን ያስጀመረው የአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ነበር፤ በዓለም ከታወቁት አንዱ፣ ይወድቃል ብሎ ማንም ያላሰበው። በ1993 ዓ.ም. አሜሪካን ኤርላይንስ ሲገዛው፣ አብዛኞቹ አብራሪዎቹ የዓመታት ዕድሜያቸውን ይዘው ከገዢው አብራሪዎች ዝርዝር ግርጌ ተለጠፉ፤ ብዙም ሳይቆይ በኒው ዮርክ የመስከረም አንዱ አደጋ ደርሶ የቅነሳው ዘመን ሲመጣ ግርጌ ላይ የነበሩት ቀድመው ወጡ። ለመሥሪያ ቤታቸው ታማኝ ነበሩ፤ ከቅነሳው አላዳናቸውም።

አሁን ወደ ውሉ ልመለስ። ደመወዙ በዶላር መሆኑና ግብር የሌለበት መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር በላይ ሲሆን፣ አንቺ ካለሽበት ወንበር ሳትነሺ የደመወዝሽ ግምት በግማሽ ወረደ ማለት ነው፤ ይህንን ሳይቆጥር «ለገንዘብ ብላ» የሚልሽ ሰው ጤፍ ገዝቶ አያውቅም። ቤት ይሰጣሉ፤ ለወላጅም የጉዞ ትኬት አለ ብለሽኛል፤ ለእሱ እናትሽ ቀድማ ደስ ብሏታል። ነገር ግን ሌላውንም ገጽ ገልጠሽ እዪ። በኤምሬቶችና በቀጠር የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም አይፈቀድልሽም፤ ስለዚህ «ጭጋግ ነው፣ አልነሣም» ባልሽ ቀን ከጀርባሽ የሚቆመው የአሠሪሽ በጎ ፈቃድ ብቻ ይሆናል። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት በ2012 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ በዚያ አካባቢ ያሉ ታላላቅ አየር መንገዶች ብዙ አብራሪ አሰናብተዋል፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከሥራቸው ጋር የተያያዘ ነውና ሥራውን ያጣ አገሩንም አብሮ ይለቅቃል። በዚያው ወራት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአውሮፕላኖቹ የመንገደኛ ወንበር እየነቀለ ጭነት ሲጭን፣ አንቺ በጓንትና በጭንብል ሌሊት ሌሊት እየበረርሽ በየጠዋቱ «ደህና ገባሁ» ትዪኝ ነበር። ያ ጊዜ ለቤቱም ለአንቺም ይቆጠራል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ልታፈርሺው መብትሽ ነው። ቁጥሩ የመናኸሪያው ንብረት ነው፤ ሰዓቱ ግን የአንቺ ነው። በበረራ መዝገብሽ ላይ የተጻፈው ሰዓት የትም ብትሄጂ ይከተልሻል፤ ከሰዓቱም ሁሉ የሚከብደው በግራ ወንበር፣ በአዛዥነት የተበረረው ነው። ለአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ የሚጠየቀውን 1500 ሰዓት ካለፍሽው ቆይተሻል፤ ከዚያ ወዲህ በቀኝ ወንበር፣ በረዳትነት የምትጨምሪው ሰዓት ከውኃ ላይ ውኃ እንደ ማፍሰስ ነው፤ የቀኝ ወንበር ሰዓት ሌላ ቤት ሄዶ በቀኝ ወንበር ያስቀምጥሻል እንጂ አያሻግርሽም። አሁን ለካፒቴንነት ከፊትሽ 17 ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። በ2003 ዓ.ም. ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን፣ ምስሏን ከጋዜጣ ቆርጠሽ ከአልጋሽ ራስጌ የለጠፍሽው አንቺ ነሽ፤ እርሷም የካፒቴንነት ምልክት የሆነችውን አራተኛዋን መስመር ትከሻዋ ላይ ያደረገችው ዓመታትን በረዳትነት ጠብቃ ነበር። ተጠርተሽ፣ አንድ ሁለት ዓመት በአዛዥነት በርረሽ ከዚያ ብትሄጂ፣ ቁጥርሽን ብትተዪም ካፒቴንነትሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው፤ ያም ቤት ቢከፋሽ ሌላው በር ይከፈትልሻል። እኔ በ1986 ዓ.ም. ስወጣ ከእጄ የያዝሁት መሪ ብቻ ነበር።

«አባዬ፣ ዛሬ ብገባ እዚያም ተራዬ ከዛሬ ይጀምራል፤ ሁለት ዓመት ባዘገየሁ ቁጥር ከእኔ የሚቀድመው ይበዛል፤ በሩም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም» ማለትሽን ጽፌዋለሁ። እውነት ነው፤ ይህን ለመመለስ ሦስት ሌሊት አስቤ ሙሉ መልስ አላገኘሁለትም። አብራሪ እስከ 65 ዓመቱ መብረር እንደሚፈቀድለት ነግረሽኛል፤ እንግዲያው ከፊትሽ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ስላለ ሁለቱ ዓመት አይጎዳሽም ብዬ ነው የደመደምሁት። በተረፈ ገደብ ልስጥሽ፤ እስከ መጪው የካቲት ካልጠሩሽ፣ ወይም ከኋላሽ የነበረ ሰው በዘመድ ቀድሞሽ ከተጠራ፣ ተራ የማይከበርበት መናኸሪያ ውስጥ መቆም ሞኝነት ነውና ሻንጣሽን አሰናጂ፤ እስከ ቦሌ የምሸኝሽ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ከደብተሬ ጎደለ። በአዲሱ አውሮፕላን የሚሰጡሽን ሥልጠና በተመለከተ፣ ቀድመሽ ብትለቂ ስንት ዓመትና ስንት ገንዘብ እንደሚያስከፍሉሽ የሚናገረውን አንቀጽ ስታነቢ እናትሽ ቡና ይዛ ገብታ አቋረጠችን። በዓመታዊው የሐኪም ምርመራ ብትወድቂ ምን እንደሚከፍሉሽም አልጻፍሁም። ሁለቱን ገጽ በአማርኛ አድርገሽ ላኪልኝ፤ እንደ ፊተኛው ዋስ ፈልጉ ብለው እንደሆነም አትደብቂኝ።

እናትሽ የገብስ ቆሎና በሶ አዘጋጅታለች፤ ሐሙስ ጠዋት ከዚህ በሚነሣው አውቶቡስ ይደርስሻል። ሹፌሩ የዚያ የረዳቴ ልጅ ነው፤ ላምበረት መናኸሪያ ሲገባ ይደውልልሻል፤ ራስሽ ሄደሽ ተቀበዪው፤ ሰው አትላኪ።

አባትሽ