ስምንተኛው

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

አቡሽዬ፣

እንዴት ነህ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስድስት ዓመት ጠፍቼ እንደ ትናንት "እንዴት ነህ" ስልህ ሳትስቅብኝ አትቀርም። ለመጨረሻ ጊዜ ያወራነው ስለዚያ ብር ነበር። መክፈል አቃተኝ፣ አፈርኩ፣ ስልክህን ማንሳት ተውኩ። ሌላ ሰበብ የለኝም። ብሩን አልረሳሁትም።

አባባ አረፈ። አርባውን ባለፈው እሑድ አወጣን። በስልክ ላረዳህ ፈልጌ ነበር። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ዘግቶ የከረመ ሰው መርዶ ይዞ ሲደውል አስበው። በጽሑፍ ይሻለኛል።

ብዙ አልተሰቃየም። ዘጠና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እሱ ግን ሰማንያ ስምንት ነኝ እያለ ይከራከር ነበር። ያን ቀን ጠዋት ጢሙን ተላጨ። ብርድ ልብሱን እንደ ወታደር ቤቱ አጣጥፎ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠ። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ እንደተቀመጠ አሸለበ። እማማ ቡናውን ይዛ መጥታ የተኛ መስሏት "ኧረ ይቀዘቅዝብሃል" ስትለው ሰምቻለሁ።

ቀብሩ ላይ ኮርያ ሰፈር ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከአባባ ጋር ኮርያ ከዘመቱት የመጡት ሁለት አባቶች ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ወይ አልፈዋል ወይ አልጋ ላይ ናቸው። አንደኛው በልጅ ልጁ ተደግፎ ነው የመጣው። ሳጥኑ ሲወጣ ከዘራውን ለልጁ አቀበለና ሰላምታ ሰጠ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳጥኑ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ግን አላወረደውም።

ሜዳሊያዎቹን ትራስ ላይ ደርድረን ነበር። የበርበሬውን ጣሳ ታስታውሳለህ አይደል? በደርግ ጊዜ ሰሜን ኮርያ ወዳጃችን ስትሆን፣ ደቡብ ዘምቻለሁ ብሎ ደረት መንፋት ቀረ። እማማ ሜዳሊያዎቹን በላስቲክ ጠቅልላ በርበሬ ውስጥ ቀበረቻቸው። ስንት ዓመት ከረሙ! ኋላ አፍንጮ በር ሐውልቱ ጋ ለመታሰቢያ በዓል አድርጓቸው ሲሄድ ሰልፍ መሀል ማስነጠስ ጀመረ። አጠገቡ የቆሙትም አስነጠሱ። ትራሱ ላይ ሳስቀምጣቸው ሪባኑን አሸተትኩት። አሁንም ይሸታል።

ግን ልጽፍልህ የተነሳሁት ስለ ቆጠራው ነው።

ማታ የግቢው በር ከተዘጋ በኋላ የእጅ ባትሪውን ይዞ ይመጣ ነበር። እኛ ፍራሽ ላይ ተደርድረን ተኝተናል። ባትሪውን ፊታችን ላይ አያበራም፣ እግራችን ላይ ነው። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..." እያለ በሹክሹክታ ይቆጥራል። እኛ ሰባት ነን። አንተ ከቤትህ ይልቅ እኛ ጋ ስለምታድር ስምንት ላይ ነው የሚያቆመው። አንድ ማታ እናትህ ወስዳህ ሄዳ፣ ሰባት ላይ ሲያልቅበት በሌሊት እናንተ ቤት ድረስ ሄዶ በር አንኳኳ። "ልጁ አለ?" እናትህ "ጋሼ፣ ጤናዎን ነው?" አለችው።

ያኔ አንተ ለትምህርት ቤት ልጆች ምን ብለህ እንደነገርካቸው አልረሳሁም። ኮርያ ከዘመተው ጦራችን፣ ከቃኘው ሻለቃ፣ አንድም ምርኮኛ አልተያዘም፣ ሬሳ እንኳ ጥለው አልመጡም፤ ጋሼም ለዚያ ነው የሚቆጥረን አልካቸው። እኔም እንደዚያ አምኜ ነው የኖርኩት።

ባለፈው ዓመት ክረምት ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ አብርተን ሁለታችን ብቻ ተቀምጠናል። አንዱ ጎረቤት ቀን ላይ "ጀግናው" ብሎት ስለነበር እሱ ላይ ይነጫነጫል። "እኔ የተዋጋሁት ሦስት ወር ነው" አለ። እውነቱን ነው። የመጀመሪያዎቹ የሄዱት በ1943 ሚያዝያ ነው። እሱ ከሦስተኛው ቃኘው ጋር የደረሰው በ1945 ነው፣ ሐምሌ 20 ቀን ጦርነቱ ቆመ። "ከ120 በላይ ልጆች እዚያ ወድቀው እኔ ምኑን ነው ጀግና የምሆነው?"

ከዚያ ሳልጠይቀው ስለ ልጆቹ አነሳ። ዶንግዱቾን በሚባል ከተማ የእኛ ወታደሮች ወላጅ ለሞተባቸው ልጆች ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ከደመወዛቸው ያዋጡ ነበር። አባባ ተራው ሲደርስ እዚያ ያድራል። አንዳንዶቹ ልጆች ሌሊት ሹልክ ብለው ይወጣሉ፣ እናታቸውን ፍለጋ። ያን የምታውቀውን የኮርያ ብርድ አስብ፣ ሌላ ነገር ባይነግረንም ስለ ብርዱ ስንቴ ነግሮናል።

"ፊታቸው ላይ ካበራህ ይጮኻሉ" አለኝ። "እግራቸውን ነበር የምንቆጥረው። አንድ ሌሊት ጎደለብኝ።"

"አገኛችሁት?" አልኩት።

"ሻማው አልቋል፣ ሌላ አምጣ" አለኝ። አምጥቼ ስመለስ ስለ ኑሮ ውድነት ነበር የሚያወራው። ደግሜ አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ ይሆን? እንጃ።

ለእንቁጣጣሽ ሁላችንም ከነልጆቻችን እማማ ቤት አደርን። ሽማግሌ ሆነን ፍራሽ ላይ! እኩለ ሌሊት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ከዘራው ሲንኳኳ ሰማሁ። ባትሪው እግሬ ላይ በራ። የልጅ ልጆቹን ዘለለና እኛን ብቻ ቆጠረ። ሰባት ላይ ቆመ።

"አቡሽ የት ሄደ?" አለኝ።

"ደህና ነው፣ ትናንት ደውሎ ነበር" አልኩት።

"እሺ" ብሎ ባትሪውን አጠፋና ሄዶ ተኛ።

እሑድ እደውልልሃለሁ። እዚህ ማታ ሲሆን አንተ ጋ ጠዋት ነው መሰለኝ። የማታውቀው ቁጥር ቢሆንም አንሳው።

ወንድምህ